«ማሚ፣ ዛሬ አባዬ ደመና ነው?»

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቴም ትቼዋለሁ። «በአየር ጠባይ ምክንያት ትዳሬ ተቸገረ» ብዬ ብጽፍ የሚሳቅብኝ መስሎኝ ነው። እባክዎ እንዳይስቁብኝ።

34 ዓመቴ ነው። ካገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። አንዲት የአምስት ዓመት ሴት ልጅ አለችን። እኔ ዝናብ እወዳለሁ። እወዳለሁ ስልዎ እንዲሁ ለአፍ አይደለም። ሰማዩ ጠቁሮ ሲመጣ ውስጤ ይነቃል። ጣሪያው ላይ ሲወርድ ስሰማ ትከሻዬ ይፈታል፣ ሥራ ይቀናኛል፣ ቤቴ ሙሉ ይሆንልኛል። ፀሐይ ግን ታደክመኛለች። ጠራራ ሲሆን ራሴን ይወጋኛል፣ ነገር ሁሉ ይሰለቸኛል። ሰው ሁሉ ውጭ ወጥቶ ሲስቅ እኔን ብቻ የሆነ ነገር የጎደለኝ ይመስለኛል።

ባለቤቴ ደግሞ የእኔ ተቃራኒ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ያፏጫል፣ ልጃችንን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ይዞራል። ሲዳምን ሌላ ሰው ይሆናል። ስጠይቀው «ምንም አልሆንኩም» ይለኛል። ሁለት ሦስት ቀን በተከታታይ ከዘነበ እዚሁ ቤት እያለ የለም ማለት ይቻላል። አይጮህም፣ አይሰድብም፤ ይህን ልብ ይበሉልኝ። ዝም ብሎ ይጠፋል።

የምንጣላው በመጋረጃ ነው። እሱ ይከፍታል፣ እኔ እዘጋለሁ። ባለፈው ዝናቡ ሲጀምር መስኮቱን ከፍቼ «ሽታው እንዴት ደስ ይላል!» አልኩ። ዞር ብሎ አየኝና «አንቺ እኔ ሲከፋኝ ነው ደስ የሚልሽ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሲዘንብ ደስታዬን እደብቃለሁ። ወጥ ቤት ገብቼ እቆማለሁ።

እንድጽፍልዎ ያደረገኝ ግን ልጄ ናት። ባለፈው ሳምንት ከእንቅልፏ ተነስታ ቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄደች። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ሰማዩን አየች። ከዚያ ዞር ብላ፣ ድምጿን ቀንሳ «ማሚ፣ ዛሬ አባዬ ደመና ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ችግሩ እኔ ነኝ? ወይስ እሱ ታሟል? ምን ላድርግ?

ዝናብ ወዳጇ

*

ውድ እህቴ፣

አልሳቅሁም። ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ብዙ ቆየሁ። ውስጤ የቀረው የልጅሽ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ድምጿን መቀነሷ ነው። ጥያቄው ለአባቷ እንዳይሰማ የፈለገች ትመስላለች። ወደ እሷ እመለሳለሁ። ለእሷ የምትሰጪው መልስ ግን በአንቺና በአባቷ መሐል ስለሆነ ያለው፣ ከእናንተ ልጀምር።

«ችግሩ እኔ ነኝ?» ላልሽው፣ አይደለሽም። ዝናብ ስለወደድሽ ማንንም አልበደልሽም። እሱም ሲዳምን ስለከፋው ማንንም አልበደለም። የጎዳችሁ አንዳችሁ የሌላውን ስሜት በራሳችሁ ላይ እንደተሰነዘረ አድርጋችሁ መቁጠራችሁ ይመስለኛል።

የራሴን ልንገርሽ። እኔን ዝናቡም ፀሐዩም ያን ያህል አይሞቀኝም አይበርደኝም። ነፋስ ግን አልችልም። ልጅ ሳለሁ እናቴ ሌሊት ሥራ ትገባ ነበር። ተኝቼ በሩ ሲንገጫገጭ «መጣች!» ብዬ ዘልዬ እነሳለሁ። ማንም የለም። ነፋስ ነው። ተመልሼ እተኛለሁ። ደግሞ ይንገጫገጫል፣ ደግሞ እነሳለሁ። ይኸው ስንት ዓመት አልፎ እንኳ ማታ ነፋስ በር ሲነካ ሆዴ ይባባል። ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ ችግሩ በሩ ይመስለው ነበር። ሁለት ጊዜ አስጠግኖታል። አንድ ማታ ነገሩን ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ ነፋስ ሲነሳ ምንም አይልም። መጥቶ አጠገቤ ይቀመጣል።

እናንተም በሩን እየጠገናችሁ ይመስለኛል። መጋረጃው ማለቴ ነው።

ደብዳቤሽ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት አንድ ሐረግ አለ። «ቤቴ ሙሉ ይሆንልኛል» ብለሻል። ዝናብ የሚወድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለ ሽታው፣ ስለ ድምፁ፣ ስለ ቅዝቃዜው ነው። አንቺ ስለ ቤት መሙላት ጻፍሽ። እስቲ ልጠይቅሽ። ልጅ ሳለሽ፣ ሲዘንብ ቤት የሚውል ሰው ነበር? ዝናብ ሥራ የሚያስፈታው ሰው? ሌላ ቀን የማታገኚው፣ ዶፍ ሲወርድ ግን የትም የማይሄድብሽ? ላይኖርም ይችላል። ድምፁን ብቻ ትወጂው ይሆናል፤ እሱም በቂ ምክንያት ነው። ዝናብ ሳይቋረጥ አንድ ዓይነት ሆኖ ሲወርድ ሌላውን ድምፅ ይሸፍናል። የመኪናውን፣ የበሩን፣ የጎረቤቱን። ጆሮ በየደቂቃው ከመደንገጥ ያርፋል። ትከሻሽ የሚፈታው በዚህ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ጥያቄውን ለራስሽ ጠይቂው። መልሱን ካገኘሽው፣ ባለቤትሽ ሰምቶት የማያውቅ ነገር በእጅሽ አለ ማለት ነው።

የወደድሽው ሽታ ስምም አለው። እ.ኤ.አ. በ1964 ኢዛቤል ጆይ ቤርና ሪቻርድ ቶማስ የተባሉ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች «ፔትሪኮር» ብለው ሰየሙት። በደረቁ ጊዜ ከዕፅዋት የሚወጣ ዘይት አፈርና ድንጋይ ላይ ይጠራቀማል። አፈር ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ደግሞ ጂኦስሚን የሚባል ነገር ይሠራሉ። ጠብታው ደረቅ አፈር ላይ ሲያርፍ እነዚህን ይዞ ወደ አየር ይበትናቸዋል። የሰው አፍንጫ ለጂኦስሚን እጅግ ስስ ነው፤ ኢምንት ታህል በቂው ናት። እንግዲህ መስኮቱን ስትከፍቺ ያ ሽታ ለባለቤትሽም ደርሶታል። ያው አፈር፣ ያው ሽታ። አንቺን ወደ አንድ ቦታ ወሰደሽ፣ እሱን ወደ ሌላ። እሱን ወዴት እንደወሰደው ታውቂያለሽ? በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?

የምጠይቅሽ ልወቅስሽ አይደለም። ብዙዎቻችን አንጠይቅም። «እሱ ዝናብ አይወድም» ብለን እናልፋለን፣ አንድ ምግብ የማይወድ ይመስል። ግን ለአንዱ ሰው ዝናብ ማለት ጣሪያው እያፈሰሰ ሌሊቱን ሙሉ አልጋ ከጥግ ጥግ ሲገፋ ያደረበት ነው። ለሌላው የቀብር ቀን ነው። ለሌላው ደግሞ ምንም ታሪክ የለውም፤ ብርሃን ሲቀንስ ሰውነቱ አብሮ ይቀንሳል፣ በቃ። ባለቤትሽ የትኛው እንደሆነ እኔ ከዚህ ሆኜ ላውቅ አልችልም። አንቺም ከወጥ ቤት ሆነሽ ልታውቂው አትችዪም።

«አንቺ እኔ ሲከፋኝ ነው ደስ የሚልሽ» ማለቱ እውነት አይደለም። አንቺን ደስ ያለሽ በዝናቡ ነው እንጂ በእሱ መከፋት አይደለም። ሲባልብሽ እንዳመመሽ ይገባኛል። አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ይህ ሰው ሁልጊዜ «ምንም አልሆንኩም» ነው የሚለው ብለሻል። ያን ቀን ግን «ይከፋኛል» አለ። አነጋገሩ ቢጎረብጥም፣ በር ገርበብ አድርጎልሽ ነበር። አንቺም ቁስሉ ቀደመሽና በሩን አላየሽውም። እኔም ብሆን የማየው አይመስለኝም።

ደስታሽን መደበቅ ደግሞ መፍትሔ አይሆንሽም። እሱን አያቀለውም፤ ሚስቱ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዋን መቆሟን ያያል፣ ምክንያቱን ግን አያውቅም። አንቺ ደግሞ ውሎ አድሮ ቂም ትይዣለሽ። በዝናብ ቀን ሁለት የጠፉ ሰዎች ይኖሩና ልጅቷ መሐል ላይ ትቀራለች።

የሁለታችሁ መለያየት ያልተለመደ ነገር እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ2008 ጀርመን ውስጥ ከ1,200 በላይ ሰዎች የየዕለት ስሜታቸውን እንዲመዘግቡ ተደርጎ ከአየሩ ጠባይ ጋር ተነጻጽሮ ነበር። በአማካይ ሲታይ የአየር ጠባይ በስሜት ላይ ያለው ጫና ትንሽ ሆኖ ተገኘ። ከሰው ሰው ያለው ልዩነት ግን ሰፊ ነበር። በ2011 ደግሞ ኔዘርላንድ ውስጥ ወጣቶችንና እናቶቻቸውን ያጠኑ ተመራማሪዎች ሰዉን በአራት ከፈሉት፦ ፀሐይና ሙቀት የሚያስደስታቸው፣ ፀሐይና ሙቀት የሚያስከፋቸው፣ ዝናብ የሚያስከፋቸውና የአየሩ ነገር እምብዛም የማይነካቸው። አንቺ ሁለተኛዎቹ ውስጥ ነሽ። ብቻሽን አይደለሽም።

ቋንቋችን ራሱ ለባለቤትሽ ያደላል፣ አስተውለሽ ከሆነ። ደስ ያለው ሰው ፊቱ በራ፣ ፊቱ ፈካ እንላለን። የከፋው ፊቱ ጠቆረ፣ ፊቱ ዳመነ እንላለን። እንደ አንቺ ያለ ሰው ጠራራ ፀሐይ ላይ ሲደብረው የሚናገርበት ቃል እንኳ አይሰጠውም። «ቀኑ እንዲህ እያማረ ምን ሆነሽ ነው?» ይባላል። ታዲያ ድካምሽ ላይ እፍረት ይጨመርበታል። ሙቀት የሚያደክመው፣ ብርሃን የሚወጋው ሰው እንከን ያለበት አይደለም። ጠራራውን ቤት አሳልፈሽ ጠዋት ወይም ማታ ውጪ። ባርኔጣና የፀሐይ መነጽር ልመጂ። ውኃ አብዢ። «ራሴን ይወጋኛል» ያልሽውን ግን ቸል አትበዪው። ብርሃን ሲበዛ ራስ ምታት የሚነሳበት ሰው ማይግሬን ሊኖርበት ይችላል፤ ሐኪም ቢያይሽ ጥሩ ነው።

አሁን «ታሟል ወይ?» ወዳልሽው። በደብዳቤሽ ላይ ያለው ብቻ በሽታ ነው ለማለት አያስችልም። ፀሐይ ስትወጣ ያፏጫል ብለሻል። በዚያው ቀን የሚመለስለት ከሆነ ደህና ምልክት ነው። ግን መጠየቅ ያለብሽ ነገር አለ። በየዓመቱ በዚያው ወቅት፣ ለሳምንታት የሚቆይ ነው? ከወትሮው በላይ ይተኛል? ጠዋት መነሳት ያቅተዋል? የምግብ ፍላጎቱ ይለወጣል? የሚወደውን ነገር ይተዋል? እንዲህ ያለው ከወቅት ጋር የሚመጣና የሚሄድ ድብርት በሕክምናው ዓለም ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1984 ኖርማን ሮዘንታል የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ስም ሰጥተው ጽፈውበታል። ለብዙዎች የሚብሰው ብርሃን በሚያንስባቸው ወራት ነው፤ ለጥቂቶች ደግሞ ተገላቢጦሽ በሞቃቱ ወራት ይመጣባቸዋል። ሕክምና አለው። ስሜቱ ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ከወረደ፣ ሥራውን ወይም እንቅልፉን ከነሳው፣ ሰማዩ እስኪጠራ አትጠብቁ። ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ አንቺም አብረሽው ሂጂ። መኖር ሰለቸኝ የሚል ነገር ከአፉ ከወጣ ደግሞ በዚያው ቀን።

እዚያ ባይደርስም የሚረዳው ነገር አለ። ብርሃን የሚለካው በሉክስ ነው። መብራት የበራበት መኖሪያ ክፍል ብዙ ጊዜ ከ500 ሉክስ በታች ነው። ጥርት ያለ ቀን ፀሐይ ላይ እስከ 100,000 ይደርሳል። የሚገርመው ግን መሐሉ ነው። ሰማዩ ድፍን ብሎ በዳመነ ቀን እንኳ ውጭ ያለው ብርሃን ከ1,000 ሉክስ በላይ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ በጣም ይበልጣል። ዓይናችን ባለው ብርሃን ልክ ራሱን ስለሚያስተካክል ልዩነቱ አይታወቀንም። ባለቤትሽ ሲዳምን ቤት ውስጥ ተከቶ ከዋለ፣ ሰማዩ ከቀነሰበት የበለጠ እሱ ራሱ ብርሃኑን እየቀነሰ ነው። ስለዚህ በዳመነ ቀን ጠዋት ግማሽ ሰዓት ውጭ መራመድ፣ እያካፋም ቢሆን፣ ለእሱ ትልቅ ነገር ነው። በወቅት ድብርት ለሚቸገሩት ሐኪሞች የሚያዙት ልዩ መብራትም አለ። 10,000 ሉክስ ይሰጣል፣ ጠዋት ጠዋት 30 ደቂቃ ያህል ፊቱ ይቀመጡበታል። ዓይኑን የሚያመው ወይም ስሜቱ ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚል ሰው ግን ሐኪም ሳያማክር እንዳይጀምረው።

ታዲያ ያ የዳመና እግር ጉዞ ብቻውን ባይሆን እመርጣለሁ። ዝናብ የምትወድ ሚስት አለችው። ጃንጥላውን አንቺ ያዢ። እሱ ለብርሃኑ ይወጣል፣ አንቺ ለጠብታው። ምንም ባታወሩ እንኳ እሱ አይጠፋም፣ አንቺም ወጥ ቤት አትቆሚም።

መጋረጃውን በሰዓት ተካፈሉት። ጠዋት የእሱ ይሁን፣ ወለል ብሎ ይከፈት፤ ጠዋት የሚያገኘው ብርሃን ነው ይበልጥ የሚጠቅመው። ቀትር ላይ ጠራራው ሲበረታ የአንቺ ይሁን። ቤታችሁ ከአንድ በላይ መስኮት ካለው ደግሞ አንዱ ጥግ ለአንቺ ደብዘዝ ብሎ ይቆይ። ይህ ቀላሉ ነው። አንድ ማታ ተነጋግራችሁ የምትጨርሱት ነው።

ዋናውን ንግግር ሲዘንብ አትጀምሪው። እሱ እዚያ የለም። ጠራራ ፀሐይ ላይም አትጀምሪው፤ ያኔ ደግሞ አንቺ የለሽም። ማታ ይሁን። ልጅቷ ከተኛች በኋላ፣ ሰማዩ ከነመልኩ ሲጠፋ። በወቀሳም፣ በልጅቷ ጥያቄም አትጀምሪ። በራስሽ ጀምሪ። «ዝናብ ለምን እንደምወድ ነግሬህ አላውቅም» በዪውና ንገሪው። ከዚያ «ሲዘንብ አንተ የት ነው የምትሄደው?» ብለሽ ጠይቂው። «ለምን ዝም ትላለህ» እና «የት ነው የምትሄደው» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ያስደነግጠዋል። ሁለተኛው ልትከተዪው እንደፈለግሽ ይነግረዋል። «እኔ እንጃ» ካለሽ አትጎትጉቺው። ዝም ብለሽ አብረሽው ቆዪ። አንዳንዱ ሰው መልሱን የሚያገኘው በሦስተኛው ቀን ነው።

ልጃችሁ ያለችውንም ይስማ፤ አባት ነውና መብቱ ነው። ግን እንደ ክስ ሳይሆን እንደ አደራ ንገሪው። «ልጃችን ሰማዩን አይታ ስለ አንተ ጠየቀችኝ። መልሱን ካንተ ብትሰማው ይሻላታል ብዬ አሰብኩ።» ምናልባት እንባ ይተናነቀው ይሆናል። ይተናነቀው።

አሁን ወደ እሷ። ልጅሽ ያደረገችው ነገር ብልህነት ነው። ቤቷ ውስጥ አንድ ነገር እንደሚለዋወጥ አይታለች፣ ከምን ጋር እንደሚሄድ ፈልጋ አግኝታለች። የሚያስፈራኝ ቀጣዩ እርምጃዋ ነው። ልጆች አባታቸው ለምን ዝም እንዳለ ካልተነገራቸው ምክንያቱን ራሳቸው ላይ ይፈልጉታል። «ድምፄን ብቀንስ፣ ባልጫወት፣ ደህና ብሆን ይስቃል» ይላሉ። ድምጿን መቀነስ ጀምራለች። ስለዚህ አትዘግዪ። ከባለቤትሽ ጋር እስክትነጋገሩም አትጠብቂ።

የምትያት አጭር ይሁን። «አባዬ ደመና አይደለም። አባዬ አባዬ ነው። ሲዳምን ይደክመዋል፣ ዝም ማለት ያምረዋል። አንቺ ባደረግሽው ነገር አይደለም። አንቺን መውደዱን አያቆምም።» ይህን አንዴ ነግረሽ አይበቃም። በዳመነ ቁጥር ልትጠይቅሽ ትችላለች፤ በጠየቀችሽ ቁጥር ያንኑ መልሺላት። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከአባቷ አፍ ስትሰማው ነው። በአንዱ ደመናማ ጠዋት ጎንበስ ብሎ «ዛሬ አባዬ ትንሽ ደክሞታል፣ ግን እዚህ ነኝ» ቢላት፣ ሰባት ቃል ብቻ ብትሆንም፣ ሰማዩን ማንበቧን ትተዋለች።

አንድ ነገር ደግሞ አትንሺያት። እሷ ስለ ሰማዩ የራሷ ስሜት ይኖራታል። እስካሁን ማንም ጠይቋት የሚያውቅ አይመስለኝም። ደመናን የምታየው በአባቷ ፊት፣ ዝናብን የምታየው በእናቷ ፊት ነው። ምናልባት እሷ የምትወደው ጭጋግ ይሆናል። ምናልባት ነጎድጓድ ትፈራ ይሆናል፣ እናቷ ዝናብ ስለምትወድ ደብቃው። ከፈራች መብረቁ ብልጭ ሲል አብራችሁ ቁጠሩ። እስኪያጓራ ድረስ የቆጠራችሁት እያንዳንዱ ሦስት ሴኮንድ መብረቁ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል መራቁን ይነግራችኋል። እየራቀ ሲሄድ በጆሮዋ ስትሰማው ታርፋለች። እሱን ለማድረግ ግን መጀመሪያ «አንቺስ ምን ዓይነት ቀን ነው ደስ የሚልሽ?» ብሎ የሚጠይቃት ሰው ያስፈልጋታል።

አንዲት ትንሽ ልማድም ልጨምርልሽ። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ሰዎች ስልክ ተደውሎላቸው በሕይወታቸው ምን ያህል እንደረኩ ተጠየቁ። በዝናብ ቀን የተጠየቁት እርካታቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ። ጠያቂው አስቀድሞ «እናንተ ጋ አየሩ እንዴት ነው?» ሲላቸው ግን ልዩነቱ ጠፋ። በኋላ ጉዳዩን ካጠኑት መካከል ያንኑ ውጤት ያላገኙ አሉ፤ ስለዚህ እንደ ሕግ አትያዢው። እኔ ግን በሰዎች ቤት ሲሠራ አይቻለሁ። ከባድ ነገር ከመነጋገራችሁ በፊት ሰማዩን በስሙ ጥሩት። «ዛሬ ዳምኗል፣ ድብት ብሎኛል» ይበል። «ዛሬ ፀሐዩ አድክሞኛል» በይ። እንዲህ ሲባል የሰማዩ ለሰማዩ ይሄዳል፤ ለእናንተ የሚቀረው የእናንተ ብቻ ነው። በወሩ ወጪ ስትጨቃጨቁ ጠቡ ከዳመናው ይሁን ከወጪው ትለያላችሁ።

ለዝናቡም ደስታሽን መልሺ። ሲጀምር መስኮቱን ክፈቺ፣ አሽቺው። ከዚያ ዞር በይና እሱን እዪው። «እኔን ደስ ብሎኛል፤ አንተስ እንዴት ነህ?» በዪው። ያን ቀን የጎደለው ይህቺ ሁለተኛዋ ጥያቄ ብቻ ትመስለኛለች።

ጻፊልኝ። ባለቤትሽ ሲዘንብ የት እንደሚሄድ ከነገረሽ በኋላ። ከፈቀድሽም፣ በዝናብ ቀን ቤታችሁን ይሞላ የነበረው ሰው ማን እንደሆነ።